ሸክላው ይቆያል፤ የሚያውቀው ሰው ግን አይቆይም

በመጽሔትም ሆነ በኤፍ ኤም ሬዲዮ ለእንግዳ የምትቀርብ አንዲት የማትቀር ጥያቄ አለች። «ሆቢህ ምንድን ነው?» መልሷም እንደ ጥያቄዋ የታወቀ ነው። «ማንበብ፣ ሙዚቃ መስማት፣ ፊልም ማየት።» ጠያቂው «ምን ታነባለህ? የማንን ሙዚቃ?» ብሎ አይመለስበትም፤ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋል። በእኛ ዘንድ ሆቢ ማለት ጊዜ መግደያ ነው። ሟቹ ጊዜ ስለሆነ ደግሞ ማንም ምርመራ አይከፍትም።

እኛ ዛሬ ምርመራውን ልንከፍት ነው። ምክንያቱም በዚህችው ከተማ ጊዜ የማይገድሉ፣ ይልቁንም ጊዜ ሊገድለው የነበረን ነገር የሚያተርፉ ሰዎች አሉ። አሮጌ ሸክላ ይሰበስባሉ። ከፒያሳ እስከ መርካቶ አሮጌ ዕቃ ሲያገላብጡ ይውላሉ፤ ለጥቂት ደቂቃ ዘፈን ብለው ወር ሙሉ ሰው ያፈላልጋሉ። ጎረቤት «ሥራ ፈት» ይላቸዋል። እኛ ግን ከእነሱ የምንማረው ብዙ ነገር አለ እንላለን፤ ለእነሱም የምንለው አንድ ነገር አለን።

ጨዋታ ነው፤ ቀልድ ግን አይደለም

ሮበርት ስቴቢንስ የተባለ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1982 አንድ ጠቃሚ ልዩነት አስቀመጠ። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ያላልንበት ዓመት ሁሉ የፈረንጆቹ ነው። ይህን ማለት ለምን እንዳስፈለገን ትንሽ ቆይታችሁ ትደርሱበታላችሁ።) እንደ እሱ አባባል የትርፍ ጊዜ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንደኛው ተራው ነው፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ቴሌቪዥን ማየት፣ ዝም ብሎ ወክ ማድረግ። ሌላው ግን ቁም ነገሩ ነው፤ ሰውየው ደመወዝ ሳይከፈለው ዓመታት የሚለፋበት፣ ዕውቀትና ልምድ የሚጠይቅ፣ ሲከብድ የማይተው፣ በመጨረሻም «እኔ እንዲህ ያለ ሰው ነኝ» የሚልበት።

ቁም ነገረኛውን ሆቢ ከተራው የሚለየው የሚጠፋው ገንዘብ አይደለም፤ ጥያቄው ነው። ሙዚቃ የሚሰማ ሰው «ደስ ይላል» ብሎ ያበቃል። ቁም ነገረኛው ግን «ሳክስፎኑን ማን ነፋው?» ብሎ ይጀምራል። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ዕረፍት የለውም።

ጄና ሃርቴል የተባለች የመረጃ ሳይንስ ተመራማሪ ምግብ ማብሰልን ሆቢያቸው ያደረጉ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ አጥንታለች። ያየችው ነገር ቤታቸው ራሱ ቤተ መጻሕፍት መሆኑን ነው፤ መደርደሪያው፣ ፋይሉ፣ ማድ ቤቱ ሳይቀር። የእኛዎቹን ሸክላ ሰብሳቢዎች ቤት ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም። ልዩነቱ አንድ ነው። የአሜሪካዊቷ ምግብ አብሳይ መጽሐፍ ገዝታ መደርደር ትችላለች። የእኛ ሸክላ ሰብሳቢ የሚፈልገው መጽሐፍ ግን ገና አልተጻፈም። አብዛኛው መልስ ያለው በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ሸክላው ራሱ ምን ይናገራል?

እስቲ አንድ ባለ 45 ሸክላ በእጃችን እንያዝ። በእያንዳንዱ ፊት አንድ ዘፈን አለ። መሐሉ ላይ የተለጠፈው ክብ ወረቀት የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ርዕስ፣ ያሳተመውን ድርጅትና አንድ ቁጥር ይሰጠናል። ከዚያ ውጭ ብዙ ጊዜ ዝም ነው። ድራም የመታው፣ ጊታር የያዘው፣ ዘፈኑን ያቀናበረው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደተቀዳ አይናገርም።

ሰብሳቢው ይህን ዝምታ ለማናገር የራሱ ዘዴ አለው። አንደኛው ቁጥሩ ነው። የአንድ ድርጅት ሸክላዎች በቁጥር ቅደም ተከተል ከተደረደሩ የአንዱ ዓመት ሲታወቅ የጎረቤቱን መገመት ይቻላል። ሁለተኛው ከመጨረሻው መስመርና ከወረቀቱ መሐል ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረችው ቁጥር ናት፤ ወረቀቱ ቢላጥ እንኳ እሷ ትቀራለች። ሦስተኛው ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ ነው፤ ማን ከማን ጋር ቆሟል? አራተኛውና ትልቁ ጆሮ ነው። ሽለላንና ፉከራን በሳክስፎን የነፋውን የጌታቸው መኩሪያን ድምፅ አንዴ የለመደ ጆሮ ስሙ ባይጻፍም ይለየዋል።

ይህ ሁሉ በየትም ትምህርት ቤት አይሰጥም። ሰብሳቢው ከሰብሳቢ፣ ከሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ ከድሮ ሙዚቀኛ እየለቀመ የሚማረው ነው። የመረጃ ባለሙያ የሚባል ሰው የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል፤ ይፈልጋል፣ ያመሳክራል፣ ይጠረጥራል፣ ይመዘግባል። የሚለየው ማስታወቂያ ወጥቶለት አለመቀጠሩ ብቻ ነው።

የዓመተ ምሕረትና የፊደል ጣጣ

አንድ አዛውንት «ያ ዘፈን የወጣው በስልሳ ሁለት ነው» ቢሏችሁ 1962 ዓ.ም. ማለታቸው ነው፤ በፈረንጆቹ 1969 መጨረሻ ወይም 1970። ይህን የማያውቅ ሰው «1962» ብሎ ቢመዘግበው አምሃ ሪከርድስ የተባለው ድርጅት ከመቋቋሙ 7 ዓመት በፊት ሸክላ አሳተመ ማለት ይሆናል። በተቃራኒው የፈረንጅ መረጃ አንብቦ «1969» የሚለውን እንደ እኛ ዓ.ም. የወሰደ ሰው ሸክላውን ደርግ ዘመን ውስጥ ይከተዋል፤ ያኔ ደግሞ አምሃ እሸቴ ሀገር ለቆ ሄዷል። የሰባትና የስምንት ዓመት ስህተት ቀላል አይደለም። አንድ መንግሥት የሚወድቅበት፣ የሰዓት እላፊ የሚታወጅበት፣ ባንድ የሚበተንበት ጊዜ ነው።

ወሩ ካልታወቀ ደግሞ በትክክል ቢቀየርም አይጠራም። 1969 የተባለው በእኛ 1961 ነው ወይስ 1962? መስከረም መሐል ላይ ቆማለች።

ወደ ፊደሉ ስንመጣ ያው ነው። «ዓለማየሁ» በዐይኑ «ዓ» ወይስ በአልፋው «አ»? «ኃይሉ» በየትኛው «ሀ»? ሰው ሲያነበው ችግር የለበትም፤ የኮምፒውተር ፍለጋ ግን እንደ ሰው አያስብም። በላቲን ሲጻፍ ጭራሽ ይብሳል። እንግሊዝኛ የለመደው በአንድ መንገድ ይጽፋል፤ ፈረንሳዊው ፊደሉ ላይ ጭረት እየደረደረ በሌላ መንገድ ይጽፋል፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ እንደመሰለው። የአንድ ሰው ስም አምስት ሰው ይሆናል።

«ትዝታ» ብላችሁ ፈልጉ እስቲ። ትዝታ የዘፈን ስም ነው፤ የቅኝትም ስም ነው። ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቆጠር። ያልተጫወተው ዘፋኝ ማግኘት ይከብዳል። የትኛውን ትዝታ፣ በማን፣ ከማን ባንድ ጋር ብሎ መለየት የሚችለው ፍለጋውን ሳይሆን ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነው።

«ኢንተርኔት ላይ ሁሉም አለ» ለምትሉን መልሳችን ይኸው ነው። ብዙ ነገር አለ፤ አዎ። በ2000 የተጀመረው ዲስኮግስ የተባለው የሸክላ መዝገብ በራሳቸው በሰብሳቢዎች ላብ የተገነባ ድንቅ ሥራ ነው። ግን ኢንተርኔቱ የሚያውቀው የተነገረውን ነው። አንዱ ዘፈኑን በተሳሳተ ዓመት ይጭነዋል፤ ሁለተኛው ከእሱ ይገለብጣል፤ ሦስተኛው ሁለቱን አይቶ «ሁለት ምንጭ አረጋግጧል» ይላል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ የያዘ ሰው

ይህን ካልን ዘንድ ለፈረንጆቹም ተገቢውን እንስጥ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ በ1984 የማሕሙድ አህመድን ሸክላ ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ሌላ ሆነ። አዲስ አበባ መጣ፤ ሙዚቀኛ እያሳደደ፣ አሳታሚ እያፈላለገ ጠየቀ። «ኤሬ መላ መላ» በ1986 ቤልጅየም ውስጥ ዳግም ታተመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች መውጣት ጀመሩ፤ በ2017 ሠላሳኛው ላይ ደርሰዋል። (አሳታሚው «ቡዳ ሙዚክ» ይባላል። ስሙ ለእኛ ጆሮ ትንሽ ያስደነግጣል፤ ግን ዓይኑ አልከፋብንም።) በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ሲሰማ የዓለም ወጣት «ይህ ምንድን ነው?» አለ። እኛም ዓለም ሲጠይቅ ሰምተን ነው ብዙዎቻችን የጠየቅነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ሌላም አለ። ብሪያን ሺምኮዊትዝ የተባለ የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ አሮጌ ካሴት ገዛ። በ1985 የወጣው የኃይሉ መርጊያ «ሸመንሟናዬ» ነበር። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ባንዱ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለሥራ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ቀርቷል። ሰውየው የኃይሉን አድራሻ አፈላልጎ ደወለለት። ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዳ፣ ኪቦርዱን ግንዱ ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 ዳግም ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ፤ ዓለምን ዞረ፤ አዳዲስ አልበምም አወጣ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያ ካሴት የተደበቀ ሀብት አልነበረም። በስንቱ ቤት ቡፌ ውስጥ አቧራ ጠጥቷል። ኃይሉም አልጠፋም ነበር፤ በዋሽንግተን ስንቱን ሐበሻ ከአውሮፕላን ማረፊያ ቤቱ አድርሷል። እንግዳው ሰው ከእኛ የበለጠ የያዘው ነገር ቋንቋም፣ ዘመድም፣ ቅርበትም አይደለም። «ይህ ሰው አሁን የት ነው?» የምትል አንዲት ጥያቄና ስልክ የማንሳት ድፍረት ነው። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

የሚቃጠለው መደርደሪያ

ግርማ በየነን እንውሰድ። ራሱ ዘፍኖ ያስቀረጻቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ያቀናበራቸው ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። በወጣትነታችሁ ወላጆቻችሁ የጨፈሩበት ስንቱ ዘፈን ውስጥ የእሱ እጅ አለ። እሱም አሜሪካ ሄዶ ለረጅም ዓመታት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠርቷል። ወደ ሙዚቃ ተመልሶ አልበም ያወጣው በ2017 ነው። የዘፋኙን ስም ብቻ የሚያነብ ሰው ግርማን በቀላሉ ያልፈዋል። አቀናባሪው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ግን ወደ እሱ መድረሱ አይቀርም።

ግርማ ተገኘ። ያልተገኙትስ? ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስና ከጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ወጥተው ማታ ማታ ሸክላ ይቀዱ የነበሩ ስንት ነፊዎች፣ ስንት ድራም መቺዎች ነበሩ? ጥላሁን ገሠሠ በ2009 አረፈ። ጌታቸው መኩሪያ በ2016። በ2021 በአንድ ዓመት ውስጥ አሳታሚው አምሃ እሸቴና የመጀመሪያውን ሸክላ ያወጣለት ዓለማየሁ እሸቴ ተከታትለው ሄዱ። እነዚህ ታዋቂዎቹ ናቸው፤ ቃለ ምልልስ ሰጥተዋል፣ ተጽፎላቸዋል። ከኋላ የቆመው ባስ ጊታሪስት ግን ማይክሮፎን የቀረበለት ዘፈኑ ሲቀዳ ብቻ ነው።

ነገሩ ናፍቆት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከደራሲው ባሻገር የከዋኞችንም መብት ያውቃል። ሕግ ግን ስም ይፈልጋል፤ ማስረጃ ይፈልጋል። ማን እንደተጫወተ በማይታወቅ ዘፈን ላይ ማን መብት ይጠይቃል? አሮጌ ሙዚቃችን በውጭ ሀገር ዳግም እየታተመ፣ ለፊልም እየተሸጠ፣ በሂፕ ሆፕ እየተቆራረጠ ባለበት ዘመን «ሳክስፎኑን ማን ነፋው?» የሚለው ጥያቄ የአንድን ሽማግሌ ወይም የልጆቹን እንጀራ ሊነካ ይችላል። ሥራ ፈት ያልነው ሰብሳቢ ደብተሩ ላይ የጻፋት አንዲት መስመር ምስክር ልትሆን ትችላለች። ከጻፋት ነው፤ ካሳያት ነው።

የሰብሳቢዎቻችን አመል

ለሰብሳቢዎቻችን የምንለው ነገር እዚህ ላይ ነው። ከሸክላው በላይ መረጃውን የምትቆልፉ ሞልታችኋል። ምክንያታችሁ ይገባናል። ሸክላ ዛሬ ገንዘብ ነው፤ ገዢው ከቶኪዮና ከለንደን ይመጣል። «ከማን እንዳገኘሁ ከነገርኩህ ነገ ቀድመኸኝ ትሄዳለህ» ማለት የነጋዴ ልማድ ነው፤ አይወቀስም።

ግን ሁለት ዓይነት ምሥጢር አለ። «ያልተነካ የሸክላ ክምር እገሌ ሰፈር፣ እገሌ ቤት አለ» የሚለው የእናንተ ነው፤ ደብቁት። «በዚህ ዘፈን ላይ ኦርጋን የተጫወተው እገሌ ነው፤ ራሱ ነግሮኛል» የሚለው ግን የእናንተ አይደለም። የተጫዋቹ ነው። የነገራችሁም እንዲታወቅለት ነው፤ ከእናንተ ጋር እንዲቀበር አይደለም። የመጀመሪያውን መደበቅ ንግድ ነው፤ ሁለተኛውን መደበቅ ሰውየውን ዳግም ከሸክላው ላይ መፋቅ ነው።

በዚያ ላይ አምሃ እሸቴን ራሱን አስታውሱ። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አንድ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት «የመጣው ይምጣ» ብሎ ክልከላውን ጣሰና ውጭ ሀገር እያሳተመ ከ100 በላይ ሸክላዎች አወጣ። በሩን ከፍቶ እነ ካይፋ ተከተሉት። ዛሬ የምትሰበስቡት በር በከፈተ ሰው ምክንያት የተገኘውን ነው። በሩን መልሶ መዝጋት አያምርም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሸክላ ግዙ አላልንም፤ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ቁም ነገረኛ ለመሆን ግን ባለ ንብረት መሆን አያስፈልግም። ደብተርና ስልክ ይበቃል። ከጎበዞቹ ሰብሳቢዎች የምንወስደው ዘዴ ቀላል ነው፤ የምትመዘግቡትን ሁሉ በሦስት ክፈሉት። አንደኛ፣ በዓይኔ ያየሁት፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው፣ የተጫረው ቁጥር። ሁለተኛ፣ የተነገረኝ፤ ማን ነገረኝ፣ መቼ፣ እሱስ እዚያው ነበር ወይስ ሰምቶ ነው? ሦስተኛ፣ የገመትኩት። ሦስቱን አትቀላቅሉ። የመረጃ በሽታ ሁሉ የሚጀምረው ሦስተኛው ወደ አንደኛው ሲሻገር ነው። ዓመት ስትጽፉ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩ። ስም ስትጽፉ በመጀመሪያ በእኛው ፊደል ጻፉት።

አጠያየቅም ዕውቀት ነው። ለሽማግሌ ሙዚቀኛ «ስለ ወርቃማው ዘመን ይንገሩን» ካላችሁት ለቴሌቪዥን የለመደውን ይነግራችኋል። ዘፈኑን ክፈቱለትና ዝም በሉ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ፈገግ ካለ ያኔ «ጋሼ፣ ማን ነው ይሄ?» በሉት። ትዝታ የሚነሳው በጥያቄ ሳይሆን በድምፅ ነው።

ይህ ዘዴ ለሸክላ ብቻ አይደለም። አሮጌ ፎቶ ለሚሰበስበው፣ ቴምብር ለሚለቅመው፣ የድሮ ኳስ ቡድኖችን አሰላለፍ በቃሉ ለሚያውቀው፣ ንብ ለሚያነባው ሁሉ ይሠራል። ይህች ሀገር ዕውቀቷን ያስቀመጠችው በተቋም ሳይሆን በሚወዱት ሰዎች ልብ ውስጥ ነው። ተቋማቱ እስኪነቁ መጠበቅ አንችልም፤ ሰዎቹ አይጠብቁንም።

የሚቀጥለው በዓል ሲመጣ ቤት መሄዳችሁ አይቀርም። ቡፌው ውስጥ ያሉትን ካሴቶች አውጡና አንዱን ለአባታችሁ ወይም ለአጎታችሁ አቀብሏቸው። ሽፋኑ ላይ ከዘፋኙ ጀርባ የቆመው፣ ፊቱ ግማሽ የተቆረጠው ሰውዬ ማን እንደሆነ ጠይቁ። የሚነግሯችሁን እዚያው፣ ቡናው ሳይፈላ ጻፉት። የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ደግሞ ከሥሩ። ከዚያ በኋላ «ሆቢህ ምንድን ነው?» ያላችሁ ሰው ካለ የሚቀጥለውን ጥያቄ ለማንሳት ይገደዳል።